ቀዳዳው ያልዘለቀ ዶቃ

የተሰበረ ጥርስ የሚለብሰው ቆብ ሲወልቅ ምን እንደሚደረግ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ሐኪም አይደለችም፤ ልብስ ሰፊ ናት። ጥርስ ሠሪው ባሏ ነበር። በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጓሮ፣ መስኮቷ ከግድግዳ ጋር በምትፋጠጥ ክፍል ውስጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲቀርጽ፣ ምድጃ ሲከት፣ ሲሞርድ ኖረ። የሰው አፍ ግን ነክቶ አያውቅም። አፉ የክሊኒኩ ሐኪም ድርሻ ነው። እሱ ዘንድ የሚደርሰው በጀሶ የተወሰደው ቅርጹ ብቻ ነበር።

ሰፈሩ ይሄን ልዩነት አልተቀበለውም። እሑድ እሑድ ስልኩ ይጮሃል። ጎረቤት፣ የጎረቤት አማት፣ የአማትየው ጓደኛ። ዳቦ ስገምጥ ቆቤ ወለቀ፣ የተሞላው ጥርሴ ተሸርፎ ወደቀ፣ ምን ይሻለኛል ይላሉ። እሱም ሁልጊዜ ያንኑ ይመልሳል። እጠበው። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው። በዚያ በኩል አታኝክ። ካመመህ ለብ ባለ ውኃና በጨው ተጉመጥመጥ። ሙጫ የሚባል ነገር እንዳታስጠጋው። ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ስትሄድም ይዘኸው ሂድ። ስልኩን ዘግቶ ወደ ሚስቱ ይዞርና፣ “ይሄም ይለጥፈዋል” ይላል። አብዛኞቹ ይለጥፉት ነበር።

እሷ ይሄን ሁሉ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ስትሰማ ኖራለች። በቃሏ ታውቀዋለች። የራሷ ቆብ የወለቀ ቀን ግን አንዱንም አላደረገችም።

ባሏ ከሞተ ወራት አልፈዋል። ጉበቱ ነው ተባለ። ቀስ እያለ ስላለቀ ማንም አልደነገጠም። ሊቀበርበት ጥቁር ሱፉን ሲያወጡት ልብሱ የሌላ ሰው መሰለ፤ ትከሻው ወርዶ፣ ወገቡ ሁለቴ የሚጠቀልለው። እንዲሁ ይልበሰው አሉ ዘመዶች፣ ማን ያየዋል ብለው። እሷ ግን ወደ ስፌት መኪናዋ ወሰደችው። ጎንና ጎኑን አጠበበች፣ እጅጌውን አሳጠረች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ተኮሰችው። ዘመዶቹ በር ላይ ቆመው አዩዋት። አላለቀሰችም። ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም።

አንዳንዱ ጠንካራ ናት አለ። የባሏ እህት ድንጋይ ናት አለች፣ እሷ እየሰማች። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇ ማታ ማታ እየደወለች፣ “እማዬ፣ ደህና ነሽ?” ትላለች። ደህና ነኝ ትላታለች። ውሸት አልነበረም። ምንም አይሰማትም ነበር። ምግቡ ይበላል፣ እንቅልፉ ይተኛል፣ ሥራው ይሠራል።

ሱቋ የሙሽራ ልብስ መስፊያ ነው። ከአንድ ፎቅ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎች፤ በአንዱ ይሰፋል፣ በሌላው ይለካል። በመለኪያው ክፍል ሙሽሮች ፊታቸውንም ጀርባቸውንም የሚያዩባቸው ረጃጅም መስታወቶች አሉ። ከእሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ የምትሠራው ዶቃ ሰፊ ናት። ሥራዋ ስሟ ሆኖ ሁሉም “ዶቃ” ይላታል፤ ራሷም ስልክ ስታነሳ “ዶቃ ነኝ” ነው የምትለው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው አርጅተዋል።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ በጥብጣብ ያንጠለጠለችው ትንሽ መቀስ አለ። ጌጥ ነው ማለት ይቻላል። ክር የምትበጥሰው በጥርሷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በግራ በኩል ባለው የላይኛው ክራንቻዋ ስትበጥስ ኖራ አንድ ቀን ክራንቻው ተሰነጠቀ። ያኔ ነው ባሏ ቆቡን የሠራላት፤ ከውስጥ ብረት፣ ከላይ ጥርስ መሳይ ሸክላ። ከዚያም በኋላ መበጠሷን አልተወችም። “መቀስ የለሽም ወይ?” ይላታል በየቀኑ። “እሱን እስካነሳ ይመሻል” ትለዋለች። ትዳራቸው ባብዛኛው በዚህ ዓይነት ንግግር ያለፈ ነው።

ቆቡ የወለቀው ከሰዓት በኋላ ነው። የአንድ ቀሚስ አንገት ጠርዝ እየጨረሰች ነበር። ክሩን ቋጠረች፣ ጎንበስ አለች፣ በክራንቻዋ ያዘች፣ ሳብ አደረገች። ክሩ አልተበጠሰም። ሌላ ነገር መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዕንቁ መሳይ ነጭ ዶቃ የሞላበት ትሪ ነበር፤ ሩዝ የሚያህልም፣ ሽንብራ የሚያህልም የተቀላቀለበት። ቆቡ እዚያ ውስጥ ገባ።

ዶቃ ምን ጠፋብሽ አለች። “ጥርስ” አለች ልብስ ሰፊዋ። ዶቃ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ትሪውን ወደ ራሷ ጎተተች። ፈልጋ ያገኘችውም በልማድ ነው፤ አንዱን አንስታ መርፌዋን ልታሳልፍበት ስትሞክር መርፌው ገብቶ ቆመ። አገላበጠችው።

“የዚህኛው ቀዳዳ አልዘለቀም” አለች።

ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። እጇን ዘረጋች፣ ቆቡን ተቀበለች፣ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ሲያዩት ምንም አይደለም። በሌላ ትሪ ላይ ቢሆን ማንም አያነሳውም።

ዶቃ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እንሂድ አለች። የት እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም። ባሏ የሠራበት ክሊኒክ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን እሱ ከሞተ ወዲህ በዚያ በኩል አልፋ አታውቅም፤ ገበያ እንኳ ዞራ ነው የምትሄደው። ክፍሉን አዲስ ሰው ይዞታል ብለዋታል። ሌላ ክሊኒክ ብትሄድ ደግሞ አዲስ እንሥራልሽ ይሏታል። አዲስ አልፈለገችም። የባሏን ልብስ ልጇ ለዘመድ አከፋፍላለች። መሣሪያዎቹ የክሊኒኩ ነበሩ። በእጁ ሠርቶት እሷ ዘንድ የቀረ ይሄ ብቻ ነው፤ ይሄኑ፣ ሌላ ሳይሆን ይሄኑ፣ ቦታው መመለስ ነበር የፈለገችው።

ተነሳች። ከዶቃ መሳቢያም ድንጋይና ብልጭልጭ የሚለጠፍበትን ሙጫ አወጣች። ወደ መለኪያው ክፍል ገብታ መስታወቱ ፊት ቆመች፣ ከንፈሯን በጣቷ ገልባ ከቆቡ ሥር የቀረውን የጥርሷን ጉቶ በነጠላ ጨርቅ አደረቀች፣ ከሙጫው ጠብ አደረገች፣ ገጠመች፣ ተጭና ቆመች። ልክ ዶቃ ቀሚስ ላይ ድንጋይ እንደምትለጥፈው። ዶቃ በሩ ላይ ሆና ታያት ነበር።

ሲደርቅ ዞሮ ተገኘ። ብዙም አይደለም፤ ለሌላ ሰው አይታይም። ግን አፏን ስትዘጋ ከሌሎቹ ጥርሶች ቀድሞ ይጋጫል። ሰው ቁልፍ አጣሞ ቢሰፋ አስፈትታ የምታሰፋ ሴት ናት። ይሄን ተወችው።

ሙጫው ያዘ። የያዘው ግን ምራቅንም፣ ምግብንም፣ በጠርዙ የገባውንም ሁሉ ነው። እየዋለ እያደረ ድዷ ቀላ፣ ከዚያ አበጠ። በቀኝ ጎኗ መተኛት ጀመረች። የሕመም ማስታገሻ ዋጠች። ሕመሙንም የምታየው እንደ ጎረቤት ጭቅጭቅ ነበር፤ በግድግዳው በኩል ይሰማል፣ የሚመለከታት ግን አይመስላትም። ዶቃ ለሳምንታት ታገሰች። አንድ ጠዋት ግን መርፌዋን ሰክታ ተነሳች።

“እኔ ከዛሬ ጀምሮ የቱን ጉንጭሽን እያየሁ እንደማወራ ግራ ገብቶኛል” አለች። “ወይ ትሄጃለሽ ወይ ለልጅሽ እደውላለሁ።”

ልጅቱ ብትሰማ ሥራዋን ጥላ እንደምትመጣ ያውቃሉ። ስትመጣ ደግሞ ቤቱን ሽጭና ከእኔ ጋር ኑሪ የሚለው ነገር ይነሳል። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ብቻዋን።

ክሊኒኩ አልተለወጠም። ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ጥግ ላይ የሚንጠባጠብ የውኃ ማቀዝቀዣ። ተራ ስትጠብቅ ከጓሮው የሞረድ ድምፅ መጣ፤ እየቀጠነ የሚሄድ፣ የሚያቆም፣ እንደገና የሚጀምር። ምሳ ይዛለት ስትመጣ በዚህ ድምፅ ነበር መኖሩን የምታውቀው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አየች። አንድ ራሰ በራ ሰው አጎንብሶ ይሠራል። የተቀመጠው በባሏ ወንበር ላይ ነው። የወንበሩ ትራስ እሷ የሰፋችው ነው፤ ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ፣ ጠርዙ በድርብ ስፌት። ሰውየው ቀና ብሎ ሰላም አላት። ማን እንደሆነች አያውቅም። ሰላምታውን መለሰች። ደህና ሰው ይመስላል።

ዶክተሯ ግን ታውቃታለች። ከትምህርት ቤት ወጥታ ሥራ የጀመረች ሰሞን ሟቹ ቤት ድረስ አምጥቶ ያስተዋወቃቸው፣ ልብስ ሰፊዋም ነጭ ካባዋን እዚያው ያሳጠረችላት ልጅ ናት፤ አሁን ፀጉሯ ውስጥ ሽበት አለ። ወንበሩ ላይ አስተኝታ መብራቱን አቀረበች። የቆቡን ጠርዝ በመሣሪያ ነካ ነካ አደረገች።

“እትዬ፣ ማን ነው የለጠፈው?” አለች።

“እኔ።”

“በምን?”

“በዶቃ ሙጫ።”

ዶክተሯ የአፍ መሸፈኛዋን ወደ አገጯ አወረደች። “እርስዎም?” አለች።

የማደንዘዣ መርፌ አዘጋጀች፤ ትንሽ ያማል አለቻት፤ አላመማትም። ቅዝቃዜው ከድዷ ተነስቶ ወደ ጉንጯ፣ ከጉንጯ ወደ አፍንጫዋ ጎን፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ከንፈሯ ሄደ። ከንፈሯ የእሷ መሆኑ ቀረ። በእጇ ነካችው፤ የሌላ ሰው ከንፈር ነው። አብዛኛው ሰው ይሄ ስሜት ያስደነግጠዋል። እሷ ግን ለወራት የኖረችበት ነው፤ አሁን ቦታው ብቻ ጠበበ።

ቆቡ በቀላሉ አልወጣም። ሲወጣ ዶክተሯ ሙጫውን በቀጭን መሣሪያ ፈቀፈቀች፣ መግል የያዘውን ድድ አጠበች፣ ጉቶውን ደጋግማ አየች። ከዚያ ወንበሩን ቀና አድርጋ አስቀመጠቻትና ቆቡን በትሪ ላይ አቀረበችላት። ውስጡ በደረቀ ሙጫ ተሸፍኗል።

“ይሄኑ መልሺልኝ” አለች ልብስ ሰፊዋ። ከንፈሯ ስላልታዘዘላት ቃሉ ተልፈስፍሶ ወጣ። ደገመችው። “አዲስ አልፈልግም። ይሄኑ።”

ዶክተሯ በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች። የወለቀ ዕለት ይዘውት ቢመጡ ኖሮ ታጥቦ፣ በትክክለኛው ማጣበቂያ በዚያው ቀን ይመለስ ነበር አለች። አሁን ግን በሙጫው ሥር ጥርሱ በስብሷል። የበሰበሰው መነሳት አለበት። ከተነሳ ጉቶው ይቀጥናል። ቆቡ ደግሞ የተሠራው ለድሮው ጉቶ ልክ ነው።

“ገላው ቀነሰ ማለት ነው” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“አዎ። ገላው ቀነሰ።”

ሱፉ ትዝ አላት፤ ጎንና ጎኑ፣ በውስጥ በኩል ያስገባችው ትርፍ። ሱፍ ሲሰፋ ይጠባል። ሸክላ ግን ማስገቢያ የለውም።

ዶክተሯ አልዋሸቻትም። ግድ ካሉኝ እመልሰዋለሁ አለች፤ ማጣበቂያውን አብዝቼ ክፍተቱን እሞላዋለሁ። ጥቂት ወራት ይቆማል። ከዚያ በሥሩ መበስበሱ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ቆቡም ጉቶውም አንድ ላይ ይነቀላሉ፤ ያኔ አዲስ የሚሠራበትም ነገር አይኖርም። ወይም ዛሬ አጽድቼ፣ ቅርጹን ወስጄ፣ ለአዲስ አዝዛለሁ። ምርጫው የእርስዎ ነው አለች። ከጓሮው ሞረዱ ይሰማል።

ልብስ ሰፊዋ ቆቡን በጣቶቿ ያዘች። መያዝ የምታውቀው እንደ ጨርቅ ነው፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት፣ ውፍረቱን እየለካች። ፊቱ ስስ ነው፤ ጀርባው ግን ወፍራም። እንዲህ ወፍራም መሆኑን እስከዛሬ አላወቀችም፤ አፍ ውስጥ ያለ ነገር አይለካም። ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ጠየቀች።

“በዚህ ከባልዎ ጋር ተጣልተናል” አለች ዶክተሯ። “ጀርባውን አሳሳው፣ ምላሷን ያስቸግራታል ብዬ መለስኩለት። ሁለተኛም መለስኩለት። እንዳለ መልሶ ላከው። መጨረሻ ላይ ራሱ መጥቶ እዚህ በር ላይ ቆመና፣ ‘ክር መበጠሷን አትተውም፤ ይሄ ነው የሚችላት’ አለኝ።”

“እኔንማ መቀስ የለሽም ወይ ነበር የሚለኝ።”

“እሱንም ነግሮኛል።”

ልብስ ሰፊዋ ቆቡን ወደ ትሪው መለሰችው። ሲያርፍ ቀጭን ድምፅ አሰማ። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ግማሹ ቢፈልግም አይችልም።

“አዲስ ይሠራ” አለች። “ለሰውየው ግን ንገሪው።”

“ምን ልበለው?”

“ጀርባው ወፍራም ይሁን።”

“እኔ ደግሞ ክር መበጠስ ይተዉ ብዬ ልመክርዎ ነበር።”

“ምከሪኝ” አለች ልብስ ሰፊዋና ተመልሳ ተኛች።

ዶክተሯ አጸዳች፣ ጉቶውን አስተካከለች፣ ቅርጹን ወሰደች፣ አዲሱ እስኪደርስ ጊዜያዊ ሽፋን አደረገችላት። አሮጌውን ቆብ ክዳን ባላት ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ከታ ሰጠቻት። ማደንዘዣው እስኪለቅ እንዳትበላ አስጠነቀቀቻት፤ ከንፈርዎን ቢነክሱ አይታወቅዎትም አለች። ልብስ ሰፊዋ እሺ አለች። ሁሉንም ነገር እሺ አለች።

ሱቁ ስትደርስ ዶቃ ቀና ብላ፣ “ምን አሉሽ?” አለች። አዲስ ይሠራል አለቻት። አሮጌውስ? ብልቃጡን አሳየቻት። ዶቃ ለነገዋ ሙሽራ ደረቷ ላይ ልስፋላት ወይ አለች፤ በሳቅ ልታሳልፈው፣ ግን ዓይኗን ሳትነቅል። ልብስ ሰፊዋ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቆርቆሮ አወረደች። ጓደኛ የሌላቸው ቁልፎች የሚቀመጡበት ነው፤ ከተሸጠ ኮት የተረፈ፣ ከተቀደደ ሸሚዝ የወለቀ፣ ማንም መጥቶ የማይጠይቀው፣ ግን የማይጣል። ቆቡን ከብልቃጡ አውጥታ እዚያ ውስጥ ጨመረችው። ቆርቆሮውን ከድና ቦታው መለሰች። ከዚያ ተቀምጣ የሙሽራዋን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘረጋች። ሙሽራዋ ነገ ጠዋት ትወስደዋለች፤ የቀረው የደረቱ ጠርዝ ነው።

ሰፋች። እጇ እንደ ወትሮው ሄደ። ጠርዙ ሲያልቅ ክሩን ቋጠረች፣ ጎንበስ አለች፣ ወደ ግራ አፏ ወሰደች፣ ነከሰች። ክሩ ተበጠሰ።

“ደም” አለች ዶቃ።

ልብስ ሰፊዋ ምንም አልተሰማትም ነበር። ወደ ታች አየች። በነጩ ሐር ላይ፣ ደረቱ መሐል፣ ሳንቲም የምታህል ቀይ ነጠብጣብ። ከንፈሯን ነካች፤ ጣቷ ረጠበ። ዶክተሯ ያለችው ይሄንን ነው።

ውኃ ላምጣ አለች ዶቃ። ልብስ ሰፊዋ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ውኃ ሐር ላይ ደምን ያሰፋዋል። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ መርፌ የወጋው ጣት ጨርቅ ላይ ከደማ የሚያስለቅቀው የራሱ የሰፊው ምራቅ ነው፣ እሱም ሳይደርቅ። ዶቃ ግራ ስለገባት፣ “እኔ ልትፋልሽ?” አለች።

“ያንቺ አይሠራም። ደሙ የኔ ነው።”

ከንፈሯን በመሐረብ አፈነች። ነጭ ክር ከማጠንጠኛው ስባ ጠቀለለች፣ በቀኝ በኩል አፏ ውስጥ ከተተች፣ አኘከች። የመጀመሪያው ደም ነክቶት ወጣ፤ ጣለችው። ሁለተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ። ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከዳር ወደ መሐል መታ መታ ማድረግ ጀመረች። ማሸት የለበትም፤ ከታሸ ሐሩ ይሞታል። ቀዩ ወደ ክሩ እየተሳበ መጣ። ሌላ ክር አኘከች። ቀዩ ወደ ሮዝ ሄደ።

ማደንዘዣው በዚህ መሐል መልቀቅ ጀመረ። መጀመሪያ ከንፈሯ ላይ ብርድ መጣ። ከዚያ ጉንዳን የሚሄድበት መሰላት። ከዚያ የነከሰችው ቦታ ራሱን አሳወቀ፤ ቀጥሎ ድዷ፣ ቀጥሎ ጉቶው፣ ሁሉም በየተራው፣ ሲጠብቁ እንደቆዩ ሰዎች። እጇ ቆመ።

“አመመኝ” አለች።

ዶቃ ቀና ብላ አየቻት። አብረው በተቀመጡበት ዘመን ሁሉ ይሄን ቃል ከእሷ ሰምታ አታውቅም፤ በባሏ የቀብር ቀንም፣ ፊቷ አብጦ በዋለባቸው ቀናትም። ተነሳች፣ የሱቁን በር ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ትሪዋን ወደ ራሷ ጎትታ ዶቃ መልቀም ያዘች።

ልብስ ሰፊዋ ሌላ ክር አፏ ውስጥ ከተተች። ነጠብጣቡ ዳር ላይ ትንሽ ቀርቷል፤ ሳይደርቅ መውጣት አለበት። መታ መታ ማድረጓን ቀጠለች። እንባው ሲመጣ አላቆመችውም፤ ፊቷን ብቻ ከቀሚሱ ወደ ጎን አዞረች። እንባ ሐር ላይ ምልክት ይተዋል።